ባዶውን የማይመለስ ሌማት

ዛሬ ጠዋት ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው። በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ ብዙ የቆየ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ አፈር አፈር የሚል ሽታ። ለማያውቀው ሰው ደስ አይልም። ለአርባው በተጣለው ዳስ ከተቀመጡት ሰዎች አንዳንዶቹ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ። እኔ ግን ተነሥቼ ወደ አጥሩ አየሁ። እትዬ ዘሃራ ጉድጓድ ከፍታለች ማለት ነው።

ትንሽ ቆይታ ሌማት ይዛ መጣች። በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ለእናቴ ሰጠቻትና አንድ ቃል ተናገረች። ያንን ቃል በኋላ እጽፈዋለሁ። አሁን አልችልም።

የወንድሜ የዓለሙ አርባ ነው ዛሬ። ስለ ሕመሙ አልጽፍም። ስለ ትምህርቱና ስለ ሥራውም በዳሱ ውስጥ ሲወራ ውሏል፣ ይበቃል። ሌማቱ ተበልቶ አልቆ አሁን ከፊቴ ተቀምጧል። እናቴ "አድርስላት" ብላኛለች። በእኛ ቤት የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ትንሽም ቢሆን አንድ ነገር ይደረግበታል። እኔ ምን ላድርግበት? ይህን ሳስብ ነው እሷና ባሏ ወደ ግቢያችን የመጡበት ክረምት የመጣብኝ።

ቤታችን ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ወደ አራዳ ገበያ በሚወስደው መንገድ ጎን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የገበያው ሁካታ እስከ ደጃችን ይደርስ ነበር። አባታችን ያረፈው ከዚያ ክረምት በፊት በነበረው በጋ ነው። በግቢያችን ዳር፣ በዝቅተኛ የባሕር ዛፍ አጥር የተለየች አንዲት የሣር ጎጆ ነበረች። አባቴ ኮርቻውንና ልጓሙን ያስቀምጥባት ነበር። እናቴ ኮርቻውን ከሸጠች በኋላ ጎጆዋ ባዶ ቀረች፣ እናቴም ባዶ ቤት አይታ ማደር አልወደደችም። "ወንድ የማያስልበት ግቢ ጅብ ይደፍረዋል" ትል ነበር። ዓለሙ ይህን ሲሰማ ሆን ብሎ ያስላል። ያኔ ድምፁ ገና አልጎረነነም። ሳሉ የድመት ነበር።

ሰኔ ላይ መጡ። ዝናቡ ሊጀምር ሲል ይመስለኛል። አይደለም፣ ጀምሯል፤ ሰውየው ሲገባ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነበርና። ሸምሱ ይባላል። ጀርባው ላይ በቅጠል የተጠቀለለ፣ በገመድ የተጠፈረ ትልቅ ጭነት ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ገባ። ሚስቱ ዘሃራ ከኋላው ናት። እርጥብ ጆንያ ታቅፋለች፣ ከጆንያው አፍ አረንጓዴ ጫፎች ብቅ ብቅ ብለዋል።

ዓለሙ በሩ ላይ ቆሞ ተቀበላቸው። አባታችን ከሞተ ወዲህ የግቢው ጌታ እሱ ነበር፣ ቢያንስ በራሱ ሐሳብ።

"ከየት ነው የመጣችሁ?"

"ከጉራጌ አገር፣ ጌታው" አለ ሸምሱ።

"ሩቅ ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ እግሬን ጠይቀው" አለና ጭቃ የለበሰ እግሩን አነሣ።

ዓለሙ ጌታነቱን ረስቶ ሳቀ። አባታችን ካረፈ ወዲህ መጀመሪያ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ይመስለኛል።

በሰፈራችን አዲስ ጎረቤት ሲመጣ የታወቀ ወግ ነበረ። በማግስቱ የቤቱ እመቤት ገል ይዛ እሳት ልትጭር ትመጣለች። ፍሙ እስኪወጣላት ድረስ ትጠየቃለች፦ ከየት ናችሁ፣ ስንት ወለዳችሁ፣ ማንን ታውቃላችሁ። እሳቱን ይዛ ስትወጣ ሰፈሩ አውቋታል ማለት ነው። እትዬ ዘሃራ ግን አልመጣችም። ሸምሱ ከገበያው ጥግ መርፌ፣ ክርና ክብሪት ይቸረችር ነበር። ክብሪት በቤታቸው ነበር እንግዲህ።

እትዬ በላይነሽ ከእኛ አጥር ወዲያ ጠላ የምትጠምቅ ሴት ነበረች። ምላሷ ከጠላዋ ይበረታ ነበር። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "ክብሪት ያለው ጎረቤት ለምን ይጠቅማል? ራሱ ለኩሶ ራሱ ይሞቃል!" አለች።

"ተያቸው፣ ገና ናቸው" አለች እናቴ።

"ገናስ አልፏል፣ ፋሲካም አልፏል" አለች በላይነሽ።

በጆንያው የመጡትን ችግኞች በአጥሩ ሥር ተከሏቸው። ቅጠሉ ሰፊና ረጅም ነው። ዓለሙ በገበያ ሙዝ አይቶ ያውቅ ነበርና "ሙዝ ነው" ብሎ ነገረኝ። እናቴ "ኮባ ነው፣ ዳቦ የሚጋገርበት" ብትልም አላመንናትም። ስለዚህ ሐምሌን ሙሉ ሙዝ ስንጠብቅ ከረምን። ዝናብ ባባራ ቁጥር ሄደን በቅጠሎቹ መሐል አንገታችንን እናስገባለን። ቅጠሉ ላይ የተጠራቀመው ውሃ በማጅራታችን ይወርዳል። ዓለሙ የመጀመሪያው ሙዝ የእናታችን፣ ሁለተኛው የእሱ፣ ሦስተኛው የእኔ እንደሚሆን ደልድሎ ነበር። ሙዝ የለም። ሙዝ የማያፈራ ዛፍ መሆኑን ማንም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅንም።

አንድ እሑድ ሰፈሩ በሙሉ ጊዮርጊስ ሄዶ እኔ ቤት ቀረሁ። እግሬን እሾህ ወግቶኝ አብጦ ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ሸምሱ ከጎጆው ጀርባ ይቆፍራል። ጉድጓዱን ዙሪያውን በሰፋፊ ቅጠል አለበሰው። ከዚያ ያን በጀርባው ተሸክሞት የመጣውን ጥቅል አወጣ። ሁለቱም በቀስታ፣ እንዳይጎዳ የፈሩ ይመስል፣ ይዘው አወረዱት። እትዬ ዘሃራ በቅጠል ሸፈነችው። አፈር አለበሱት። ድንጋይ ጫኑበት። መጨረሻ ላይ እሷ ተንበርክካ አፈሩን በመዳፏ ደለደለችው።

እኔ ያየሁት ቀብር አንድ ብቻ ነበር። አባቴ በሰሌን ተጠቅልሎ ሲወርድ፣ አፈር ሲለብስ፣ ድንጋይ ሲከመርበት። ስለዚህ ያየሁትን አወቅሁት። ልጃቸው ነው። ከአገራቸው ጀምሮ ያንን ሁሉ መንገድ በጀርባው ተሸክሞት የመጣው ልጃቸው ነው።

ዓለሙ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነገርኩት። ነጠላውን ሳያወልቅ ቁጭ አለ። "አለቀሱ?" አለኝ።

"አላለቀሱም።"

ብዙ አሰበ። "አገራቸው አልቅሰው ጨርሰው ይሆናላ" አለ። "ስማ። ለማንም እንዳትናገር። ሰው ሐዘኑን ሲደብቅ አይጠየቅም።"

"እሺ።"

"ግን ለቅሶ መድረስ አለብን። ለቅሶ ያልደረሰ ጎረቤት ምኑን ጎረቤት ነው?" ይህ የእናታችን አነጋገር ነው። ቃል በቃል።

ለቅሶ በምን እንደሚደረስ እናውቃለን። አባታችን የሞተ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ንፍሮ ይዞ መጥቶ ነበር። የዚያን ሰሞን ብርዱ ስለ በረታ እናቴ ስንዴና ባቄላ ቀቅላ ነበር። ዓለሙ "ለአዲሶቹ ጎረቤቶች እንውሰድላቸው?" አላት። እናቴ ደስ አላት። "ውሰዱላቸው እንጂ። እነሱ ካልመጡ እኛ እንሂድ" ብላ ይህንኑ ሌማት፣ አዎ ይህንኑ፣ ሞልታ ሰጠችን።

ሄድን። ዓለሙ በሩ ላይ ኮፍያውን አወለቀ። ጎጆዋ ውስጥ ጨለማ ነበር፤ ጭስ፣ እርጥብ ቅጠልና አዲስ ምንጣፍ ይሸታል። ሸምሱ ክር እየጠቀለለ፣ እትዬ ዘሃራ እሳቱን እየቆሰቆሰች ነበር። ዓለሙ ሌማቱን አስቀመጠና አንገቱን ደፋ፣ ትልልቅ ሰዎች ሲያደርጉ እንዳየው።

"እግዜር ያጽናችሁ" አለ።

"አሜን" አሉ ሁለቱም።

ከዚያ ምድጃው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልን። ዝም። ለቅሶ ቤት ዝም ነው የሚባለው። እትዬ ዘሃራ ባሏን አየችው። ባሏ እኛን አየን። በቋንቋቸው አንድ ነገር ተባባሉ። ሌማቱን ከፈተች፣ ትኩሱ ንፍሮ ጨሰ። ጥቂት ዘግና በላች፣ ለባሏም በእጁ አደረገችለት። ስትበላ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ዓለሙ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። "አየህ?" ማለቱ ነው።

እውነቱን ያወቅነው ብዙ ቆይተን ነው። ወደዚህ ከተማ ከመጡ ጀምሮ፣ መጀመሪያ በሌላ ሰፈር፣ ከዚያም በእኛ፣ ደጃቸውን አልፎ ምግብ ይዞ የገባ የመጀመሪያው ሰው እኛ ነበርን። እንግዳ አቀባበል መስሏታል። እኛ ለቅሶ ደረስን፣ እሷ ጎረቤት አገኘሁ አለች።

ሌማቱ በማግስቱ ተመለሰ። ባዶውን አይደለም። ውስጡ ወፈር ያለ፣ ነጣ ያለ፣ በቅጠል የተጋገረ ነገር ነበረ። ስትቆርሰው እንደ ቆዳ ይለጠጣል። ኮምጠጥ ይላል፣ ከዚያ ጣፈጥ ይላል። እናቴ ቀምሳ "የኮባ ዳቦ ይሆናል" አለች። ለእትዬ በላይነሽም ቆርሳ ላከችላት። በላይነሽ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ "ምን የመሰለ ዳቦ ነው! ትንሽ ጨው ይጎድለዋል እንጂ!" አለች።

እናቴ በሌማቱ ሽሮ ላከች። ሌማቱ ጎመን ይዞ ተመለሰ። እናቴ ቆሎ ላከች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሌማቱ ዕረፍት አጣ፤ የማን እንደ ነበረም ተረሳ። ተሸካሚው ዓለሙ ነው፣ እኔ ከኋላው። እትዬ ዘሃራ በመጣን ቁጥር "ዓለሙ፣ የኔ ጌታ፣ ና ሙቅ" ትለዋለች። ለእኔም ትላለች፣ ግን እሱን ቀድማ ነው። በአማርኛዋ ሲስቅባት አትቆጣም፤ በቋንቋዋ አንድ ቃል ታስተምረውና እሷ በተራዋ ትስቅበታለች።

እኛ ግን መቃብሩን አልረሳንም። በዚያ በኩል ስናልፍ እናማትባለን። ዓለሙ ከወንዝ ነጭ ድንጋይ አምጥቶ አናቱ ላይ አስቀመጠ። የሰፈር ልጆች በዚያ ሲሮጡ ይቆጣቸዋል። ሸምሱ ነጩን ድንጋይ አንሥቶ አየውና ትከሻውን ነቅንቆ መልሶ አስቀመጠው። የግቢው ጌታ ያስቀመጠውን ድንጋይ ምን ሊል?

ነሐሴ ገባ፣ የፍልሰታ ጾም። ልጆች ሁሉ ለመቁረብ ጊዮርጊስ እንውላለን። ሱባኤው በገባ ጥቂት ቀን ዓለሙ ከቅዳሴ ሲመለስ ዝናብ መታው። ማታውን አተኮሰው። ሲነጋ አልተነሣም። ከንፈሩ ደረቀ፣ ጠይም ፊቱ አመድ መሰለ። እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችው። አልለቀቀውም።

እትዬ በላይነሽ ልትጠይቀው መጣች። አልጋው አጠገብ ቆማ ከንፈሯን መጠጠች፣ ከዚያ እናቴን ወደ ደጅ ሳብ አደረገቻት። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ።

"አንቺ ጥሩነሽ፣ ከጎጆው ጀርባ ምን እንደ ተቀበረ ታውቂያለሽ?"

"ምን ተቀበረ?"

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? አፈሩ አዲስ ነው። ድንጋይ ተጭኖበታል። ልጆችሽ በዚያ ሲያልፉ ያማትባሉ፣ ልጅ ደግሞ የሚያየውን ያያል። ሰው ቅዳሴ ሲሄድ ጠብቆ መሬት የሚቆፍር ሰው ደግ ነገር አይቀብርም። ባልሽን በበጋ ቀብረሻል። እኔ ሌላ አልልም።"

ሌላ አላለችም። ይበቃ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አጠበቀችና ጎጆው ድረስ ሄደች። ሸምሱ ወጥቶ ቆመ።

"ሸምሱ፣ ክረምቱ ሲወጣ ሌላ ቤት ፈልጉ።"

"ምን አጠፋን፣ እመቤቴ?"

"ምንም። ልጄ ታሟል።"

ሸምሱ ይህ ከዚያ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልጠየቀም። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ተዘጋ፣ ከዚህ በፊትም የሰማው ነገር ይመስል ነበር። "እሺ እመቤቴ" አለ። እትዬ ዘሃራ በዝናቡ ወጥታ በአጥሩ ሥር የተከለቻቸውን ችግኞች አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገች። የትኛው ተነቅሎ እንደሚሄድ፣ የትኛው ሥር እንደ ሰደደ ትሞክር ነበር መሰለኝ። የዚያን ዕለት ሌማቱ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም።

ለዓለሙ ነገርኩት። ተኝቶ ጣራ ጣራውን ሲያይ ነበር። "መቃብሩንስ ትተውት ነው የሚሄዱት?" አልኩት። ይህ ነበር ያስጨነቀኝ። እኛ ብንሄድ አባታችንን ማን ያየዋል?

ዓለሙ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። "እማዬን ጥራት" አለኝ።

መጣች። "ምን ሆንክ? ውሃ ላምጣልህ?"

"እማዬ፣ እነ ሸምሱን አታባርሪያቸው። እዚያ የተቀበረው ልጃቸው ነው።"

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ማን ነገረህ?"

"ታናሼ ሲቀብሩት አይቷል። ለቅሶም ደርሰናል፣ አሜን ብለውናል። አላወራንም እንጂ። እማዬ፣ ልጃቸውን ጥለው የት ይሄዳሉ?" ከዚያ ደክሞት ተኛ።

እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ብዙ ተቀመጠች። ያኔ ፊቷን ማንበብ አልቻልኩም፤ የፈራች መስሎኝ ነበር። ከዚያ ተነሥታ የነፍስ አባታችንን አባ ወልዱን ልታስጠራ ላከች።

አባ ወልዱ ቅዳሴ ሲወጣ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ አፍንጫቸው ግን ደኅና ነው። እናቴ፣ እትዬ በላይነሽና እኔ ከኋላቸው ተከተልን። ዓለሙም ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳ እየያዘ እስከ በራችን ወጣ። ማንም ተመለስ አላለውም። ሁሉም ያየው የነበረው ያን ድንጋይ ነው።

"ልጄ" አሉት አባ ሸምሱን፣ "አትፍራ። እዚህ የተቀበረው ማን ነው?"

"ማን?" አለ ሸምሱ።

"ልጃችሁ ነው አሉኝ።"

ሸምሱ ወደ ሚስቱ ዞረ። እትዬ ዘሃራ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ እኔን አየች፣ ነጩን ድንጋይ አየች፣ በሩ ላይ የቆመውን ዓለሙን አየች። ያ ንፍሮ፣ ያ አንገት መድፋት፣ ያ ዝምታ፤ ሁሉም ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። ልትስቅ ጀምራ አፏን በመዳፏ ያዘች። ተንበረከከችና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሣች። የዓለሙን ነጭ ድንጋይ ለብቻው አስቀመጠችው። አፈሩን ጠረገች። ቅጠሉን ገለጠች።

ሽታው ያኔ ወጣ። ይኸው የዛሬው ሽታ። በላይነሽ "እምዬ!" ብላ ወደ ኋላ አለች።

እትዬ ዘሃራ ነጭ ሊጥ በእጇ ቆርሳ ለአባ አሳየቻቸው።

"ቆጮ ነው፣ አባቴ። አጥሩ ሥር እንደ ተከልነው ካለ እንሰት ግንድ የሚፋቅ፣ የእኛ አገር እንጀራ። ሊጡ መሬት ውስጥ ነው የሚበስለው። በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል። ከእናቴ ቤት ነው ያመጣነው።"

"ታዲያ ሰው ባለበት ብትቀብሩትስ?"

ሸምሱ መለሰ። "መጀመሪያ የተቀመጥንበት ሰፈር አይተውን 'ግንድ በላ' አሉን፣ አባቴ። ልጆች ሳይቀሩ ይሰድቡን ነበር። እዚህስ ትንሽ እንክረም፣ መጀመሪያ ሰው ይወቀን ብለን ነው።"

አባ ወልዱ ሊጡን አሸተቱት። "ሥጋ አለበት?"

"የለበትም።"

"ቅቤስ?"

"የለበትም።"

"እንግዲያ የጾም ነው። ቅዳሴም ወጥቷል። ጋግሪና አቅምሺኝ።"

"አባ! ከጉድጓድ የወጣ ሊበሉ ነው?" አለች በላይነሽ።

"ምነው፣ ሽንኩርቱስ ላንቺ ከሰማይ ነው የሚወርድልሽ?"

እናቴ ያኔ ነው የተናገረችው። ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነበር። "በላይነሽ፣ ያኔ 'ምን የመሰለ ዳቦ' ያልሺው ይኸው ነው። ሁላችንም ስንበላው ነው የከረምነው።"

በላይነሽ አባን አየች፣ ጉድጓዱን አየች፣ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደች። "ጨው ይጎድለዋል ነው ያልኩት" አለች። "አሁንም ይጎድለዋል።"

አባ ሳቁ። ሸምሱም ሳቀ። ከበራችን ደከም ያለ ድምፅ መጣ፦ "እና ልጅ የለም?" ዓለሙ ነው።

ሳቁ ቆመ። እትዬ ዘሃራ በጉልበቷ እንደ ሆነች ወደ እሱ ዞረች። "የለም፣ የኔ ጌታ። አላህ ገና አልሰጠንም።" ከዚያ ለእናቴ፣ ቀስ ብላ፣ "ልጅ የሞተብኝ መስሏቸው ነው ለካ እንደዚያ የመጡልኝ" አለች።

እናቴም ተንበረከከችና አፈሩን በመዳፏ መመለስ ጀመረች። ሁለቱ ሴቶች አብረው ደለደሉት። ሲጨርሱ እናቴ ጭቃውን ከእጇ እያራገፈች ወደ ጎጆው ጣራ ቀና ብላ አየች።

"ሸምሱ" አለች፣ "ክረምቱ ሲወጣ ሣር አምጣና ይህን ጣራ ክደነው። ያፈሳል።"

"እሺ እመቤቴ" አለ ሸምሱ። ቃሉ ያው ነው። አባባሉ ግን ያው አልነበረም።

አባ ወልዱ የተጋገረላቸውን ሁሉ በሉ። የዓለሙ ትኩሳት በቆጮም በጠበልም ሳይሆን፣ ትኩሳት እንደሚያደርገው፣ ቀኑን ጠብቆ ለቀቀው።

መስከረም ጠባ። ፀሐይ ሲወጣ እትዬ ዘሃራ የጉድጓዱን ቅጠል ልትለውጥ ከፈተችው፤ አሮጌው ቅጠል እየወጣ አዲስ ይለብሳል። ዓለሙ እጅጌውን ሰብስቦ ሊያግዛት ገባ። እስከ ክንዱ ነጭ ሆኖ ነበር። ከአሮጌው ሊጥ ከፍላ በጎን አዲስ ትንሽ ጉድጓድ አስቆፈረችው፣ በቅጠል አለበሰችው፣ ሊጡን አኖረችበት። ያን ነጭ ድንጋይ አምጥታ በላዩ አስቀመጠች።

"ይኼስ የማን ነው?" አላት።

"ያንተ ነዋ። በየዓመቱ እየጨመርኩ አቆየዋለሁ። ስታገባ ይወጣል፣ ለሠርግህ። ያኔ አራዳ በሙሉ ምን እንደ በላ ይጠይቃል።"

ዓለሙ እስከ ጆሮው ቀላ። "እኔ አላገባም" አለ።

"እሺ፣ እኔም አልከፍተውም" አለች እትዬ ዘሃራ። ሳቅንበት። ብዙ ሳቅንበት።

አሁን ወደ ጠዋቱ ልመለስ። እጽፈዋለሁ ያልኩት ቃል አለ።

እትዬ ዘሃራ ሌማቱን ስትሰጣት እናቴ ጨርቁን ገለጥ አደረገች። ቆጮው እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም። የበሰለ፣ ያረጀ፣ መልኩ የጠቆረ። "ዘሃራ፣ የትኛውን ነው የከፈትሺው?" አለቻት።

"የዓለሙን" አለች።

እናቴ ሌማቱን ደረቷ ላይ ይዛ ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ዳሱ ገብታ ለሰው አቀረበችው። አንድ ሽማግሌ ቀምሰው፣ "እንዲህ ያለ ቆጮ በልቼ አላውቅም፤ ይህማ የሠርግ ነው" አሉ። በኋላ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ትንሹ ጉድጓድ ክፍት ነው፣ ነጩ ድንጋይ በጎኑ ተቀምጧል።

ይህን ጽፌ ማድ ቤት ገባሁ። ለለቀስተኛው የተቀቀለው ንፍሮ ከድስቱ ሥር ገና ትኩስ ነው። ስንዴና ባቄላ። ሌማቱን ሞላሁት።

በሩ ላይ ስደርስ ኮፍያዬን አወልቃለሁ። ከምድጃው አጠገብ መሬት ላይ እቀመጣለሁ። አንገቴን እደፋለሁ። የሚባለውን ዓለሙ አስተምሮኛል፤ ለእሷና ለሸምሱ "እግዜር ያጽናችሁ" እላቸዋለሁ። ያኔ ልጅ አልሞተባቸውም ነበር።

ልነሣ። ንፍሮው ሳይቀዘቅዝ።